የእሽቅድምድም ምሕንድስና ለቡና አገር ምን ይበጃል?



የዛሬው ርእስ መጀመሪያ ሲሰሙት ከቡና ከተማችን ከጅማ ጋር የሚገናኝ አይመስልም። በውጭ አገር የሞተር ስፖርት ምሕንድስና የሚባል የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አለ። በእንግሊዝ ክራንፊልድና ኦክስፎርድ ብሩክስ ያስተምሩታል፤ በአሜሪካም በመኪና እሽቅድምድም ስሟ በሚጠራው በኢንዲያናፖሊስ በዲግሪ ደረጃ ተሰጥቷል። እኛ ዘንድ ግን የዚህ ስፖርት ታሪክ ቀጭን ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የሃይላንድ ራሊ ይካሄድ ነበር፤ በአዲስ አበባም የመኪናና የሞተር ብስክሌት ውድድሮች ታይተዋል። ጎረቤታችን ኬንያ ከ1953 ጀምሮ ሳፋሪ ራሊን ይዛ ስሟን ስታስጠራ፣ እኛ ያን የመሰለ ውድድር አልገነባንም። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ በቡና አገር ስለ እሽቅድምድም ትምህርት መነጋገር ምን ይፈይዳል? መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ከዚህ ትምህርት ለእኛ የሚበጀው የማስተማሪያ ዘዴው ነው። ዘዴው ተማሪውን በተጻፈ ደንብ፣ በተወሰነ ገንዘብ፣ በማይዛነፍ ቀንና በማያዳላ መለኪያ ፊት ያቆመዋል። ጅማ ይህን ዘዴ ወስዳ በራሷ ዳገት ላይ፣ በራሷ የቡና ጭነት ብትፈትነው፣ ለመሐንዲሶቿም ለገበሬዎቿም የሚተርፍ ዕውቀት ታገኛለች። የቀረው ንግግሬ ይህን የማስረዳበት ነው።

በቅድሚያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንይ። የውድድር መኪና ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ፍጥነትን ነው። ተማሪው ግን አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ከጎማ፣ ከሙቀትና ከክብደት ጋር ነው። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭኛው ጎማ ይጫናል፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይጫናል። ጎማው መሬቱን ምን ያህል ይቆነጥጣል? ሞላውና አሞርዛተሩ ይህን ጭነት እንዴት ይቀበሉታል? ፍሬኑ የሚያመነጨው ሙቀት የት ይሄዳል? ሻንሲው ስንት ኪሎ ቢቀነስለት ሳይሰበር ይቆያል? እነዚህን ጥያቄዎች በስሌት መመለስ የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። ስሌቱን በብየዳ፣ በቶርኖና በገጠማ ወደ ብረት መለወጥ ደግሞ የቴክኖሎጂ ባለሙያው ድርሻ ነው። የሞተር ስፖርት ትምህርት ሁለቱን በአንድ ወርክሾፕ ያገናኛል፤ ያሰላው ሰው ሥራውን ሲበየድ ያየዋል፣ የበየደው ሰውም ለምን እንደዚያ እንደተሰላ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ መኪናው ላይ የተገጠሙት መለኪያዎች ስሌቱና ብየዳው ተስማምተው እንደሆነ ለሁለቱም ይነግሯቸዋል።

ለዚህ ዘዴ ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር ነው። ፎርሙላ ኤስ ኤ ኢ በሚል ስም በአሜሪካ በ1981 የተጀመረው ይህ ውድድር፣ በእንግሊዝ ከ1998 ወዲህ ፎርሙላ ስቱደንት ተብሎ ይካሄዳል። ተማሪዎች በአንድ የትምህርት ዘመን አንድ ሰው የሚጭን ትንሽ የውድድር መኪና ነድፈው፣ ሠርተውና ፈትነው ያቀርባሉ። በአሜሪካው ውድድር ጠቅላላው ነጥብ 1,000 ነው። የነጥቡ አከፋፈል ልብ ሊባል ይገባዋል። ለንድፍ ክርክር 150፣ ለዋጋ ዝርዝር 100፣ ለንግድ ዕቅድ ገለጻ 75 ነጥብ ይሰጣል። ይህም ማለት 325 ነጥብ፣ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው፣ መኪናው ቆሞ ሳለ የሚገኝ ነው። ዳኞቹ ተማሪውን ይህን ቧንቧ ለምን በዚህ ውፍረት መረጥህ፣ ዋጋው ስንት ነው፣ ሌላ አማራጭ አይተሃል ወይ እያሉ ይጠይቁታል። ከሚሮጠው ክፍልም ትልቁ ነጥብ፣ 275፣ የተሰጠው ለጽናት ፈተናው ነው፤ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሳይበላሹ መጨረስ። በዚህ ርቀት ብዙ ቡድኖች ሳይጨርሱ ይቀራሉ፤ አንድ ያልጠበቀ ብሎን ወይም አንድ የላላ የኤሌክትሪክ ገመድ የዓመቱን ልፋት መና ያስቀረዋል። ለአንድ አፍታ ብቻ ፈጣን መሆን እንደማይበቃ፣ ጥንቃቄ ከፈጠራ እኩል ዋጋ እንዳለው ወጣቱ የሚማረው እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው ከመኪና ውጭም እንደሚሠራ በ2020 ታይቷል። የኮሮና ወረርሽኝ በበረታበት መጋቢት ወር የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሐንዲሶችና ሐኪሞች ከመርሴዲስ የፎርሙላ አንድ ሞተር ፋብሪካ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጠው፣ ቀድሞ የነበረን የመተንፈሻ መርጃ መሣሪያ ፈትተው እንደገና ነደፉት። ከመጀመሪያው ስብሰባ የመጀመሪያው መሣሪያ እስኪሠራ የወሰደው ጊዜ ከ100 ሰዓት በታች ነበር። የውድድር ፒስተን ይቆርጡ የነበሩ ማሽኖች በቀን እስከ 1,000 መሣሪያ አመረቱ፤ ንድፉም ለሌሎች አገሮች በነፃ ተለቀቀ። ይህ ፍጥነት በአንድ ሌሊት የበቀለ አይደለም። በየሁለት ሳምንቱ ለውድድር መድረስ ግዴታው የሆነ ሰው ያዳበረው የሥራ ልማድ ነው። ጅማ የትልቅ ሆስፒታል ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም ባዮሜዲካል ምሕንድስና ያስተምራል። እንዲህ ያለውን ልማድ ለመረዳት ከእርሷ የቀረበ ከተማ በአገራችን አይበዛም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ከ2008 ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቿ 70 በመቶውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ለመመደብ ወሰነች። ውሳኔው በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶችን ወደ ምሕንድስና አስገባ፤ ወርክሾፑ፣ መሣሪያውና የተግባር መምህሩ ግን በዚያው መጠን አላደጉም። ውጤቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሞተርን የሙቀት ዑደት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አሳምሮ የሚያስረዳ፣ ካምቢዮ ግን ፈትቶ የማያውቅ ተመራቂ አለ። በሌላ በኩል ካምቢዮ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገጥም፣ ጥርሱ በየስድስት ወሩ ለምን እንደሚሰበር ግን የሚነግረው ያላገኘ መካኒክ በየጋራዡ አለ። ጥፋቱ የሁለቱም አይደለም፤ አንድ ላይ የሚያሠራቸው ጉዳይ አላገኙም። በምሕንድስና ትምህርት ውስጥ ያለው የአንድ ሴሚስተር የተግባር ልምምድ በጎ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው በሰው ፋብሪካ እንግዳ ሆኖ ይውላል፣ ለአንድ ሥራ ከመነሻ እስከ ፍጻሜ ኃላፊ አይሆንም። የውድድር ቡድን የሚሰጠው ይህንኑ የጎደለውን ኃላፊነት ነው። መኪናው ቢቆም ምክንያቱን የሚያስረዳው፣ ነጥቡን የሚያጣውና የሚጠግነው ተማሪው ራሱ ነው።

ጅማ ለዚህ ዘዴ ሁለት ነገር ቀድሞ አዘጋጅታለች። አንደኛው የትምህርት ባህሏ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 የተመሠረተው የጅማ እርሻ ኮሌጅና የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተዋሕደው ነው፤ ከጤናው ክፍል የወረሰው ማኅበረሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርት እስከ ዛሬ መለያው ሆኗል። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ኅብረተሰቡ ይወጣሉ፣ ችግሩን በቁጥር ይለያሉ፣ መፍትሔ ሞክረው ይገመግማሉ። ለውድድር የሚሠራ ቡድንም የሚከተለው ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ሁለተኛው መሬቷ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1,780 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው ከ15 በመቶ በላይ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ራዲያተር ቶሎ ይጨነቃል። በፎርሙላ አንድ ከፍተኛው የውድድር ሜዳ የሜክሲኮ ሲቲው ነው፤ 2,240 ሜትር ገደማ። መሐንዲሶቹ ለዚያ አንድ ውድድር የመኪናውን ማቀዝቀዣና ክንፍ ለይተው ያዘጋጃሉ። አዲስ አበባ በከፍታ ከሜክሲኮ ሲቲ ትበልጣለች። ለእነርሱ በዓመት አንድ ጊዜ የሚገጥማቸው ፈተና ለእኛ የዕለት ኑሮ ነው፤ መጻሕፍታችን ግን የተጻፉት በባሕር ወለል ላለ ሞተር ነው።

ወደ ቡናው ስንሄድ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራል። በጎማ፣ በጌራ፣ በሊሙ ኮሳና በማና ወረዳዎች እሸት ቡና ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። ለታጠበ ቡና የሚሆን ቀይ እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ መፍላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። ከ2010 አካባቢ ጀምሮ በእነዚህ ወረዳዎች የተቋቋሙ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያ ማሽን ይዘው የአካባቢውን ቡና ስም ቀይረውታል፤ በአጋሮ አቅራቢያ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ቡና በ2012 በአፍሪካ የጥራት ውድድር አንደኛ ወጥቷል። ይህ ክብር ግን የቆመው በጊዜ በሚደርስ ጭነትና በማይቆም ማሽን ላይ ነው። በለቀማ ሰሞን የአንድ መፈልፈያ ኩሽኔታ ቢሰበር ወይም ጭነቱ ጭቃ ላይ ቢቀር፣ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ አይደለም፤ የዚያ ቀን ቡና ደረጃው ይወርዳል፣ የገበሬውም ገቢ አብሮ ይወርዳል። ሊዛወር የማይችል ቀን፣ ያለ ብልሽት መጨረስ የግድ የሆነበት ሥራ፣ በፍጥነት መጠገን። የእሽቅድምድም ሰዎች እነዚህን ለስፖርት ሲሉ ፈጥረዋቸዋል፤ የቡና ከተሞቻችን ግን በየዓመቱ ሳይመርጡ ይኖሯቸዋል።

አንድ ስሌት ላቅርብ። የቡና መፈልፈያዎች ውሃ ስለሚሹ ብዙውን ጊዜ ከማሳው ዝቅ ብለው ወንዝ አጠገብ ይተከላሉ። ስለዚህ ጭነቱ ይወርዳል፣ ባዶው ይወጣል። 400 ኪሎ የሚመዝን የኤሌክትሪክ ማጓጓዣ 300 ኪሎ እሸት ቡናና 70 ኪሎ የሚመዝን ሾፌር ይዞ፣ በ10 ኪሎ ሜትር መንገድ 300 ሜትር ቁልቁል ይወርዳል እንበል። ቁልቁለቱ የሚለቀው ኃይል 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ባዶውን ተመልሶ ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው 0.38 ብቻ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ፣ ፍሬን ሲይዝ ባትሪውን የሚሞላ መኪና ከቁልቁለቱ ትርፍ ያገኛል። ነገር ግን የጎማ መንከባለል የሚበላውን እንጨምር። መንገዱ ደረቅና ጠንካራ ሆኖ ተቃውሞው ከክብደቱ 2 በመቶ ቢሆን፣ በመውረዱ ብቻ የሚጠፋው 0.42 ነው፤ ትርፍ ይቀራል። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ሲላቁጥና ተቃውሞው 4 በመቶ ሲሆን ግን የሚጠፋው 0.84 ይሆናል፤ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪ ይበላል። እንግዲህ ማጓጓዣው ስንት ባትሪ ይበቃዋል የሚለው ጥያቄ የሚወሰነው በአጋሮና በጌራ መንገድ ጭቃ ነው፤ ያንን ቁጥር የያዘ የውጭ መጽሐፍ የለም። መለኪያ ይዞ፣ በጥቅምት ዝናብም በታኅሣሥ ፀሐይም ወጥቶ የሚለካው ተማሪ ያስፈልጋል። ይህ ተማሪ ለአገሩ አዲስ ዕውቀት ጨመረ ማለት ነው።

ጊዜውም ለዚህ የተመቸ ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪኖች ከአዲስ አበባ አልፈው ወደ ክልል ከተሞች እየወጡ ነው፤ እነርሱን በዕውቀት የሚጠግን ባለሙያ ግን ገና ጥቂት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ለማቃጠያ አየር ስለማይፈልግ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንስበትም። ይህ በእሽቅድምድም ተረጋግጧል። በአሜሪካ የፓይክስ ፒክ የተራራ ውድድር ከ2,860 ሜትር ገደማ ተነሥቶ በ4,302 ሜትር ያበቃል። በ2018 ሮማን ዱማ የነዳው የቮልስዋገን የኤሌክትሪክ መኪና ይህን መንገድ ከ8 ደቂቃ በታች በመጨረስ እስከዚያ ቀን በማንኛውም ዓይነት ሞተር ከተመዘገበው ሁሉ ፈጠነ። ደጋማ አገር ለነዳጅ ሞተር መጥፎ ዕድል ነው፤ ለኤሌክትሪክ ሞተር ግን መፈተኛ ሜዳ ነው። የእኛ ወጣቶች ከማንም ኋላ ሳይሰለፉ ሊጀምሩት የሚችሉት የምሕንድስና ዘርፍ ቢኖር ይህ ነው።

ሆኖም የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከባድም ናቸው። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው። የውጭ ምንዛሪ ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ በማይበቃበት አገር የእሽቅድምድም መኪና ቅንጦት አይሆንም ወይ? በአውሮፓ የሚሠራውን የካርቦን ፋይበር መኪና ለመቅዳት ብንነሣ ተቃውሞው ሙሉ በሙሉ ትክክል ይሆን ነበር። እኔ የማቀርበው ግን ከቱቦላሬ ብረት የሚበየድ፣ የባጃጅ ጎማና መሪ የሚጠቀም፣ በአጋሮ ጋራዥ ሊጠገን የሚችል ማጓጓዣ ነው። ደንቡን የምንጽፈው እኛ ስለሆንን የዋጋ ጣሪያውንም የምናስቀምጠው እኛ ነን። ከጣሪያው ያለፈ ቡድን ከውድድሩ ይወጣል። እንዲያውም የገንዘብ እጥረት የዚህ ትምህርት እንቅፋት አይደለም፤ የፈተናው አንድ ክፍል ነው። በርካሽ ጥሩ ነገር መሥራት ከምሕንድስና ሁሉ ከባዱ ነው፣ ገበሬውም የሚፈልገው ያንን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሥራ ነው። በኢትዮጵያ የእሽቅድምድም ቡድን ሳይኖር ተመራቂው የት ይቀጠራል? ይህ ጥያቄ በዚህ ስም ዲግሪ መክፈት እንደሌለብን ያሳያል፤ በዚህ ነጥብ ከጠያቂው ጋር እስማማለሁ። ነገር ግን በእንግሊዝና በአሜሪካም ለውድድር መኪና የሠሩ ተማሪዎች አብዛኞቹ ወደ እሽቅድምድም አይገቡም፤ ወደ መኪና ፋብሪካ፣ ወደ አውሮፕላን ሥራ፣ ወደ ኃይል ማመንጫ ይሄዳሉ። ቀጣሪ የሚፈልጋቸው ከሃያ ሰው ጋር ሠርተው በቀጠሮው ቀን የሚንቀሳቀስ ነገር ስላስረከቡ ነው። በእኛ አገርም እንዲህ ያለ ሰው የሚጠብቁት ሥራዎች ሞልተዋል፦ የመኪና መገጣጠሚያዎች፣ የቡና መፈልፈያዎችና ማበጠሪያዎች፣ የጭነት ማመላለሻ ድርጅቶች፣ የመኪና ምርመራ ጣቢያዎች። በነባሩ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ትምህርት ውስጥ ውድድሩን እንደ ተግባራዊ ፕሮጀክት ማስገባት ለእነዚህ ሁሉ በር ይከፍታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ይህ ነው። መንገዶቻችን በየዓመቱ ብዙ ሰው ይቀጥፋሉ፤ ወጣቱን ፍጥነት ማስተማር በእሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ አይሆንም ወይ? የሞተር ስፖርት ራሱ ብዙ ደም ያፈሰሰ ስፖርት ነው። በ1955 በፈረንሳይ ለ ማን በተባለው የውድድር ስፍራ በአንድ አደጋ ከ80 በላይ ተመልካቾች አልቀዋል። በ1994 ኢሞላ ላይ የፎርሙላ አንድ ሾፌሮቹ ሮላንድ ራትዘንበርገርና አየርተን ሴና በሁለት ተከታታይ ቀናት ሞተዋል። ስፖርቱ ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን ትምህርት ነው። እያንዳንዱን አደጋ መርምሮ መኪናውን፣ አጥሩንና ደንቡን ለወጠ። በ2020 በባሕሬን የሮማን ግሮዣን መኪና አጥር ጥሶ ለሁለት ተከፍሎ ሲነድ፣ ሾፌሩ እጆቹ ተቃጥለው በሕይወት ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በፊት ግዴታ የሆነው የራስ መከላከያ ብረት አትርፎታል። በተማሪዎች ውድድርም ፍሬኑ፣ መሪውና የአደጋ መከላከያው በመርማሪ ያልታየ መኪና አንድ ሜትር አይንቀሳቀስም። በጊቤ በረሃ ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪናን አስቡት። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 250 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ በጅማ ከፍታ እስኪፈላ ለማሞቅ ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው ያ ሙቀት ሁሉ የሚገባው የፍሬን ሸራ ውስጥ ነው። ይህን አስልቶ፣ በመለኪያ አይቶ፣ ለሾፌሮች ማኅበር ሊያስረዳ የሚችል ወጣት መንገዳችን በብርቱ ይሻል። የፍጥነትን ዋጋ የለካ ሰው ከማያውቀው ይልቅ ይጠነቀቃል፤ በሕዝብ መንገድ የተሽቀዳደመ አባል ከነቡድኑ ይሰረዛል የሚል አንቀጽም በደንቡ መግባት አለበት።

አራተኛው ተቃውሞ ይህ የሰው አገር ኩረጃ ነው ይላል። ለዚህ መልሱ ከጅማ በቅርብ ርቀት በመልኮ የቡና ምርምር ማዕከል ይገኛል። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ሲከሰት ተመራማሪዎቻችን የዝርያ መረጣ ሳይንስን ዘዴ ከዓለም ወሰዱ፤ ዘሩን ግን የፈለጉት በገዛ ደናቸው ውስጥ ነው። በሽታው ካጠቃው ጫካ መሐል የቆሙትን ዛፎች ለይተው ፈተኑ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዝርያዎች 74 የሚለውን የያዙት በ1974 ስለተመረጡ ነው። ዘዴው የዓለም፣ ፈተናውና ውጤቱ የራሳችን ነበር። በምሕንድስናም የምለው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ እንዲህ ነው። የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ የከተማው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ጋራዦችና የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተባብረው የቡና ማጓጓዣ ውድድር ያቋቁሙ። እያንዳንዱ ቡድን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኝና አንድ በሥራ ላይ ያለ መካኒክ ይኑረው። ሴቶች በእያንዳንዱ ቡድን በንድፍም በብየዳም ይግቡ፤ በ2011 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈውን መኪና የመራችው መሐንዲስ ሊና ጌድ የተባለች ሴት ነበረች። ነጥቡ ለዋጋ፣ ለንድፍ ክርክር፣ ለፍሬን፣ ለኃይል ቁጠባ፣ ለጽናትና ለጥገና ፍጥነት ይከፋፈል። ዳኞች ከመምህራን ጋር ቡና አምራቾች ይሁኑ፤ ጭነቱን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። የተለካው ሁሉ፣ የከሸፈውም ጭምር፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትሞ ለሁሉም ይድረስ። ቀኑም ከለቀማ በፊት ይሁን፤ ቡና ሲቀላ ለማንም ቀጠሮ አያራዝምምና፣ ከእርሱ የበለጠ የማይዛነፍ ቀን ልናገኝ አንችልም።

የመጀመሪያው ዓመት ማጓጓዣዎች ይሰበራሉ፤ ባትሪያቸውም ዳገት ላይ ያልቃል። ይህን ከወዲሁ መቀበል ይኖርብናል፤ ምክንያቱ በቁጥር ተጽፎ ለቀጣዩ ቡድን እስከተላለፈ ድረስ ኪሳራ አይሆንም። በአምስተኛው ዓመት ከውድድሩ ሜዳ ወጥቶ በአንድ ማኅበር ውስጥ የሚሠራ አንድ ማጓጓዣ ብናገኝ፣ ከእርሱም ጋር ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዱና ሲቆም የሚያስነሡ መቶ ወጣቶች ብናፈራ፣ ትምህርቱ ዋጋውን መልሷል ማለት ነው። መምህራን የትምህርት ሰዓቱን እንዲፈቅዱ፣ ባለጋራዦች በራቸውን እንዲከፍቱ፣ ማኅበራትም ከለቀማው በፊት አንድ ቀን መንገዳቸውንና ጭነታቸውን እንዲያውሱ እለምናለሁ። ለመጀመር ከዚህ የበለጠ አያስፈልገንም።